ባዶ ያልከው ሽመል

ግንቦት 11 ቀን፣ ከአምባችን

ይድረስ ለወንድሜ፤

በቅድሚያ የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስህ። ሰላምታው የእሱ ስለሆነ ነው እንጂ ከእኔ የሚወጣልህ ሰላም ኖሮ አይደለም። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ከገባ ሳምንት ሆነው። እናታችን በሕይወት አለች። ጉልበቷን ያማታል፣ የዓይኗም ሞራ እንደነበረ ነው። ይህን የምነግርህ ትጨነቅላታለህ ብዬ አይደለም። ጤና ሳይጠየቅ ደብዳቤ እንደማይጀመር ያስተማረን አባታችን ስለሆነ ነው።

ከአሶሳ እኛ ዘንድ በባጃጅ አርባ ደቂቃ ነው። አርባ ደቂቃ ላይ ላለ ወንድም ደብዳቤ ይጻፋል ቢባል ማን ያምናል? አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። በሰው ስልክ ደወልኩልህ፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋኸው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ እስክትቀደው ድረስ አንድ ሁለት መስመር ዓይንህ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እንዲገባልህ የምፈልገው መስመር ይኸውልህ፦ ሽመሉ፣ ያ የቀርከሃ ዱራችን፣ ባዶ አልነበረም።

ለመሬት ቢሮህ የጻፍከውን ጥናት አይቼዋለሁ። የበርታዋ ጎረቤታችን የዐርዋ ልጅ ኸሊፋ ፎቶ ኮፒውን ከአሶሳ ይዞት መጣ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ፣ ከሰው ይዞታ ነጻ የሆነ ባዶ መሬት፣ ሁለት መቶ አሥር ሄክታር» ይላል። ከግርጌው ስምህና ፊርማህ አለ። ስምህን መጻፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ምድጃ ዳር፣ በከሰል፣ በግድግዳው ላይ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ አንተ እንድትቀጥል የተደረገውም በዚያው ቤት ነው። ያን ሁሉ ተምረህ የደረስክበት ቃል «ባዶ» ሆነ?

እንግዲያው ስለ ባዶው ልንገርህ። ታውቀዋለህ፤ ግን የሚያውቁትን መርሳት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖልሃል።

በ1977 ሚያዝያ ላይ እናትና አባታችን ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው እዚህ ሲራገፉ ሸዋሉል የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ሆድ ውስጥ ነበርኩ፤ አንተ ገና አልታሰብክም። እህል በስፍር ይሰጣቸው ነበር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲቆረጥ ስፍሩም ቀረ። እናታችን ከጫካው ዳር ገብታ የማታውቀውን ሥር በጣቷ ስትቆፍር አንዲት የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሙሽራ አየቻት። ያቺ ሙሽራ ዐርዋ ነበረች። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ዐርዋ ሥሩን ከእጇ ነጥቃ ወረወረችው፤ እናታችን ልትመታኝ ነው ብላ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ለካ የሚገድል ሥር ነበር የያዘችው። ዐርዋ ክንዷን ይዛ ሽመሉ ውስጥ አስገባቻት። ከመሬት ብቅ ያለውን ቡቃያ እንዴት እንደሚቆርጡት፣ እንዴት እንደሚልጡት፣ መራራው እንዲወጣለት ውሃው ሁለት ጊዜ እንደሚደፋ በምልክት አሳየቻት። እናታችን ያን ክረምት የበላችው ያንን ነው። እኔ የተሠራሁት ከዚያ ነው። አንተ የጠባኸው ጡትም ከዚያ የተረፈ ጡት ነው።

ሸዋሉልን ግን ትኩሳቱ ቀደማት። ነሐሴ ላይ ሞተች። ቤተ ክርስቲያን ገና አልተሠራም ነበርና አባታችን ወንዙን ተሻግሮ ሽመሉ ውስጥ ቀበራት። ድንጋይ አላቆመባትም። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ እሑድ እሑድ «ሽመል ልቆርጥ» ብሎ ይወጣና ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። እኔና አንተ «አባባ ዛሬም ምሳሩን ረስቶ ሄደ» እያልን እንስቅ ነበር። ለምን እንደሚሄድ ያወቅነው ከሞተ በኋላ እናታችን ስትነግረን ነው። የዚያን ቀን አንተ አለቀስክ። አይቼሃለሁ።

ሌላም ልጨምርልህ። የአሥረኛ ክፍል ውጤትህ ለመሰናዶ አልበቃ ያለ ጊዜ ሦስት ቀን ጠፋህ። ሰው ወንዝ ለወንዝ ሲፈልግህ እኔ የት እንዳለህ አውቅ ነበር። ዳቦና ቆሎ ይዤልህ ስመጣ ሽመሉ መሀል በጀርባህ ተኝተህ ወደ ላይ ታያለህ። ና እንሂድ ስልህ፣ እዚህ ውስጥ ውጤትህን የሚጠይቅህ የለም፣ ትንሽ ልቆይ አልከኝ። በአራተኛው ቀን ፊትህን ወንዙ ላይ ታጥበህ መጣህና ለእርሻ ኮሌጅ ትመዘገባለህ ተባልን። አንተን ሰው አድርጎ የመለሰህ ያ ዱር ነው። የሄክታር ቁጥሩን ስትጽፍ ያ የተኛህበት ቦታ ስንት ካሬ ሆኖ ተመዘገበ?

እኔም አለኝ። ባለቤቴ ጉባ ግድቡ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር የመሠረተ ጊዜ የማለቅስበት አጥቼ ነበር። ድሃ ቤት ውስጥ ሴት የምታለቅስበት ክፍል የለም። ልጅ ያያል፣ እናት ትሰማለች፣ ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ ይጠይቃል። ማገዶ ለቀማ ብዬ ሽመሉ ውስጥ እገባ ነበር። ነፋሱ ሽመሉን ሲያጋጨው የሚወጣው ድምፅ የሰው ለቅሶ ይሸፍናል። አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ አልቅሼ እቤቴ ደረቅ ፊት ይዤ ገባሁ። ልጄ ሐኒ እናቷ ስታለቅስ ሳታይ አደገች። ይህን በየትኛው ሰንጠረዥህ ውስጥ አስገባኸው?

«ጥቅም ላይ ያልዋለ» ያልከውማ ከሁሉም ያቃጥለኛል። በ2001 ሽመሉ በሙሉ አብቦ በአንድ ጊዜ የደረቀ ጊዜ ምን እንደተባለ ረሳኸው? እኛ ሰፋሪዎቹም በርታዎቹም ማንጎው ሥር ተቀምጠን ዘሩ በቅሎ እስኪጠና ማንም ምሳር እንዳያነሳ፣ ማንም ከብት እንዳይለቅ ተማማልን። ሰባት ዓመት ሙሉ ለአጥራችንና ለጣሪያችን ሽመል ከሌላ አገር በአህያ አስመጣን። እኛ ያልነካነው እንዲያድግ ነው። አለመንካቱ ነበር ሥራችን። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ማን ነበር? ከኮሌጅ ለዕረፍት የመጣኸው አንተ! «ይህ ዱር የማንም የግል ሳይሆን የሁላችን ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለህ ስታነብ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡልህ። ዐርዋ «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል» አለች። ሆንክላት።

አሁን ወደ ጥር ልመለስ።

ጥር ላይ መጣህ። ስድስት ወር ብቅ ያላልክ ሰው ሦስት ኪሎ ስኳርና አዲስ ነጠላ ይዘህ መጣህ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። እናታችን ነጠላውን በእጇ ዳብሳ ጥለቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቀችህ፤ አረንጓዴ ነው አልካት። ከዚያ ከቦርሳህ ወረቀትና የማኅተም ቀለም አወጣህ። የጤና መድኅኗ ጊዜው እንዳለፈ፣ ላሳድስልሽ ነው፣ ከታደሰ አሶሳ ወስጄ ዓይንሽን አስገፍፍልሻለሁ አልካት። እሷም መረቀችህ። እየመረቀችህ ነው አውራ ጣቷን የያዝከው። «ከፍ ይበል ስምህ፣ ከጓደኞችህ በላይ ያድርግህ» ስትል ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተጫንከው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጣቷን በሳሙና አጠብኩት፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ሁለት ቀን ጥቁር ሆኖ ሰነበተ።

የእሷ ጣት ከላይ ሲታይ ሌላው ምን ይላል? የቀበሌው ሊቀመንበር ምንያህል ራሱ ነግሮኛል። ወረቀቱን ይዘህ ከቤት ቤት ስትዞር፣ ምንድን ነው ሲሉህ ጥቅሙ ለሁላችን የሆነ የልማት ጉዳይ ነው፣ እናቴ እንኳ አትማለች እያልክ ነበር። እማማ የሻረግ ያተመችበት ከሆነማ ብሎ አርባ አምስት ሰው ፈረመ። በአንዲት ዓይነ ስውር ሴት ጣት አርባ አምስት ዓይን ያለው ሰው መራህ። ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል ማለት አንተ ነህ።

የሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ዶዘሩ መጣ። አኩሪ አተር ሊዘራበት ነው ተባለ። ባለሀብቱን ማንም አላየውም፤ ያየነው ቢጫውን ብረትና ሾፌሩን ብቻ ነው። ኸሊፋና ሌሎች ልጆች መንገዱ ላይ ሲቆሙ ሾፌሩ ወረቀቱን አሳያቸው። ኸሊፋ ጮክ ብሎ አነበበው። ከአምባችን አርባ ስድስት ሰዎች መሬቱን ተስማምተው ለቀዋል ይላል፤ የመጀመሪያዋ የእናታችን ስም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማ ተቀምጠህ አልሰማኸው ይሆናል። በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። አርባ ዓመት ሰላም ስንባባል የኖርን የበርታ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወፍጮ ቤት ተራ ስይዝ ከፊቴና ከኋላዬ ሰው ሸሸ። በሦስተኛው ቀን የኛዎቹ ጎረምሶች ቆንጨራቸውን ሲስሉ አየሁ። «ምን ሊሆን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ እነሱም እየሳሉ ነው፣ ቀድመው ሊመጡብን ነው አሉኝ። እነዚያም ስለኛ እንደዚሁ ይሉ ነበር። በዚህ አገር ከእንዲህ ያለው ወሬ በኋላ ምን እንደሚመጣ አንተ አጥተኸው አይደለም። ያየነውን አይተናል። እያወቅህ ነው ክብሪቱን ጭረህ ወደ ቢሮህ የሄድከው።

ከዚህ ያወጣን የመንግሥት ሰው እንዳይመስልህ። ዐርዋ ናት። ብቻዋን፣ ጠዋት፣ በኛ ሰፈር መሀል ለመሀል በእግሯ መጣች። ጎረምሶቹ ቆንጨራ ይዘው እያዩአት አለፈቻቸው። እቤት ገብታ መደቡ ላይ ከእናታችን አጠገብ ተቀመጠች።

«የሻረግ፣ እኔ ለጠብ አልመጣም» አለቻት፤ አማርኛዋ ዛሬም ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። «ወረቀት እኔ አላምንም። አንተ ከአፍህ ንገረኝ። ሽመል ሸጠሃል?»

እናታችን ምን ሽመል እንደምትላት አልገባትም። ዐርዋ ጉዳዩን ሁሉ በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረቻት። እናታችን መጨረሻ ላይ «እኔ ያተምኩት ለዓይኔ መድኃኒት ነው» አለች። ስምህን አልጠራችም።

ዐርዋ የእናታችንን እጅ አንስታ አውራ ጣቷን አገላብጣ አየችው። «ይሄ ጣት ሥር ሲቆፍር እኔ አየሁ» አለች። «ይሄ ጣት ሽመል አይሸጥም። ኸላስ፣ አለቀ። እኔ ሰማሁ።»

እናታችን ተነሳች። «ውሰዱኝ» አለችን።

አንዱን ክንዷን ዐርዋ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወጣን። ጎረምሶቹ ከሩቅ ይከተሉናል። ወንዙን ስናሻግራት ውሃው እስከ ባቷ ነበር፤ አላማረረችም። ከወንዙ ማዶ ጥቂት እንደሄድን እናታችን ቀጥ ብላ ቆመች። «ለምንድን ነው ዝም ያለው?» አለች። እኔ አልገባኝም ነበር። እሷ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ሽመሉን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ቅጠሉ ሲንሾካሾክ፣ ግንዱ ሲጋጭ፣ ወፉ ሲንጫጫ የት እንደደረሰች ታውቃለች። እዚያ ጋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ፊት ለፊታችን ዓይን እስከሚደርስበት የተገለበጠ ቀይ አፈር ነበር። ንገሪኝ ብላ ጨመቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? «የለም» አልኳት።

በዚህ መሀል ሾፌሩ ቁርሱን ጨርሶ ኖሮ ዶዘሩን አስነሳ። እናታችን እጇን ከእጃችን አላቀቀችና ወደ ድምፁ ሄደች። እየተደናቀፈች፣ ጉቶ እየመታት ሄደች። ሾፌሩ ከላይ ይጮኻል፤ እሷ አትሰማም። ሞተሩን ሲያጠፋው ብቻ ቆመች።

«ልጄ፣ የምትነዳው አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ እማማ። ወረቀት ይዤ ነው፤ በሕግ ነው» አላት።

«ወረቀቱንስ አውቀዋለሁ፤ የኔ ጣት ነው ያለበት» አለችው። «እዚህ አካባቢ አንዲት ሕፃን አስቀምጬ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ፣ መቶ ሃያ እርምጃ። አፈሩን ወዴት ነው የገፋኸው?»

ሾፌሩ ወረደ። የሰሜን ሰው ይመስላል፣ ዕድሜው ያንተ ያህል ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ክንዷን ይዞ አፈሩ ወደተከመረበት ወሰዳት። እናታችን ተንበረከከችና ሁለት እጇን እስከ ክንዷ አፈሩ ውስጥ ከተተች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዐርዋ ከጎኗ ተቀምጣ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ትላታለች። እናታችን የበርታ ቋንቋ ያን ያህል አታውቅም፤ ግን አዎ አዎ ትላለች።

ከዚያ ከወዲያ በኩል እነኸሊፋ መጡ። ከወዲህ የኛዎቹ ደረሱ። ሁለቱም ወገን ቆንጨራ ይዟል። መሀል ላይ ሁለት አሮጊቶች አፈር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሾፌር ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ አገኟቸው። ቆንጨራውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። አንዳንዱ ከኋላው ደበቀው። ማንም ማንንም አልነካም። ሾፌሩ ስልክ ደውሎ እኔ እዚህ ቦታ አልሠራም ሲል ሰማሁት፤ ከወዲያ በኩል የሚሰድበው ሰው ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እስከ እኩለ ቀን አብሮን ተቀመጠ። ደመወዙ እንደሚቀር እያወቀ ነው። ባዕድ ሰው ያደረገውን አየህ?

አቤቱታውን ምንያህልና ኸሊፋ አንድ ላይ ጻፉት። ባለፈው ሳምንት የቢሮህ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጠራን። አንተም ተጠርተህ ነበር፤ የሕመም ፈቃድ ላክህ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ለባልደረባው ማዘኑ አልቀረም። እናታችንን፣ እናቴ፣ እርጅና አለ፣ ልጁ ነግሮዎት ዘንግተው እንደሆነስ? አላት።

«ሞራው ዓይኔ ላይ ነው እንጂ ጆሮዬ ላይ አይደለም» አለችው። «ጣቱ የኔ ነው። የያዘው ልጄ ነው። ለመድኃኒት ነው ብሎኛል። ከፈለግህ ይህንኑ ጻፍና ደግሜ ላትምልህ፤ አሁን ግን መጀመሪያ አንብብልኝ።»

ጸሐፊዋ እንባዋን ጠረገች። እኔም እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ይኸው ወንድሜ ተዋረደ፣ ይበለው እያልኩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። በዕለቱ እቤት ነበርሽ? አለኝ። ነበርኩ አልኩት። የት ተቀምጠሽ ነበር? አለኝ። ከእናቴ ጎን፣ ወረቀቱን ደግፌ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ አልኩት። ማንበብ ትችያለሽ? አለኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ አልኩት። ወረቀቱን አነሳና ወደ እኔ አዞረው። ከላይ በትልልቅ ፊደል «የመሬት ልቀቃ ስምምነት» ይላል። እንኳን የተማረ፣ ፊደል የቆጠረ ሕፃን የሚያነበው ጽሑፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን አንተ ታውቀዋለህ። መልሱንም ታውቀዋለህ። ያን ቀን ጣቷን ይዘህ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ሐኒ ከተመረቀች ያለ ሥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር፤ አንተ ቢሮ ሥራ የጀመረችው በዚያው ወር ነው። ጠይቄህ አላውቅም፤ አንተም አልነገርከኝም። እንዲህ ያለውን ነገር መነጋገር አያስፈልገውም።

ለሰብሳቢው እውነቱን ነገርኩት፤ ያን ቀን አንብቤዋለሁ አልኩት። እናታችን ሰማችኝ። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም፤ ወደ መስኮቱ እንዳደረገች ቀረች።

ስንመለስ ዐርዋ፣ እናታችንና እኔ በአንድ ባጃጅ ነበርን። የዐርዋ ቤት መገንጠያ ጋ ስንደርስ እናታችን የባጃጁን ሾፌር በበትሯ ነካ አድርጋ «እዚህ አውርደኝ» አለችው። ዐርዋም ምንም ሳትጠይቅ ክንዷን ይዛ አወረደቻት። እኔ ልወርድ ስል ዐርዋ በእጇ ተይ አለችኝ።

ሐኒ በማግስቱ ሥራዋን ለቀቀች። ለምን እንደለቀቀች አልነገረችኝም። የአያቷን ልብስ በሻሽ ቋጥራ የወሰደችላትም እሷ ናት። አዲሱ ነጠላ እዚህ ቀርቷል።

እንግዲህ ጉዳዩ እንዲህ ነው። ውሉ ታግዷል፤ ገና አልተሰረዘም። ዶዘሩ ቆሟል። የተገፋው አሥራ ሦስት ሄክታር ነው ይላሉ፤ የተቀረው አለ። የሚሰረዘው የጻፈው ባለሙያ ቀርቦ ሰነዱ በሐሰት መሠራቱን ካመነ ነው። ሰኔ 4 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስምህ ይጠራል። የሕመም ወረቀት ልትልክ እንደምትችል አውቃለሁ። ሥራህን ልታጣ እንደምትችልም አውቃለሁ፤ ልትታሰርም ትችላለህ። አላዝንልህም። ሾፌሩ የማያውቃትን ሴት አይቶ የተወውን ደመወዝ አንተ ለወለደችህ እናት መተው ካቃተህ፣ እኛ ቤት ያደግከው በከንቱ ነው።

መጥተህ እውነቱን ብትናገር ይቅር እልሃለሁ አልልህም። እኔ ይቅርታ የምሰጥ ሰው አይደለሁም አሁን። ብቻ ኸሊፋ ልጆቹን የሚያስገባበት ዱር እንዲኖር፣ የሰው ልጅ ተሸንፎ ሲመጣ ውጤቱን ሳይጠየቅ የሚተኛበት፣ ሴት ሰው ሳያያት የምታለቅስበት አንድ ቦታ በዚህ አገር እንዲተርፍ ና። ለእኔ ብለህ አትምጣ። ለእናታችንም ብለህ አትምጣ፤ እሷ ካንተ የምትፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም።

እግዚአብሔር ልጆችህን በጤና ያሳድግልህ፤ እንደኛ ግን አያድርግብህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ካላሳየሃት ጥፋቱ የሷ አይደለም።

እናታችንን ማየት ከፈለግህ ወደ እኔ ቤት አትምጣ። ዐርዋ ቤት ናት። እኔ በየቀኑ ጠዋት እሄዳለሁ። ዐርዋ በርጩማ ታወጣልኝና በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወደ ውስጥ ግቢ ብላኝ አታውቅም። እናታችን ከውስጥ ኮቴዬን ስትሰማ «ማነው?» ትላለች። ዐርዋ በዚያው በአማርኛዋ «ልጅህ መጣ» ትላታለች።

እናታችን «የትኛው?» ትላለች።

እህትህ